በወር አራት ቀን የሚተኛው ማግኔት

ወፍጮ በሥራ ቀን፣ መብራት እያለ፣ ድንገት ቀጥ ካለ በእኛ ሰፈር ትርጉሙ አንድ ነው፤ ሰው ሞቷል። ሴቱ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፣ ወንዱ «ማን ነው? ማን ነው?» እያለ ይመጣል። እኔ ያርጋል ደባርቅ ላይ ወፍጮ ከተከልሁ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሰው ሳይሞት በገበያ ለት ወፍጮዬን ያቆምሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ለመምህርት ደብረወርቅ ስል። የዛሬው ወሬዬም እሷ ናት። ጆሮዬን ወፍጮ ስለበላው ሳወራ እጮኻለሁ፣ ንዴቴም ቅርብ ነው፤ እንደዚሁ ቻሉኝ።

ደብረወርቅ ላቀው የመካነ ብርሃን ልጅ ናት። አባቷ ቄስ ላቀው ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው፤ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ ጨረቃ ስንት ሌሊት እንደሞላት፣ መጽሐፍ ሳይገልጡ በጣታቸው አንጓ ይነግሯችኋል። ይችም ገና ፊደል ሳትለይ ከእሳቸው ጭን ላይ ሆና ጨረቃን በጣት መቁጠር ለመደች። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሁለቴ ተፈትናለች። በመጀመሪያው ፊዚክስ ጣላት። ሌላ ሰው ቢሆን ያን የውጤት ወረቀት ቀዳዶ ይጥለዋል፤ እሷ ላስቲክ አልብሳ እስከ ዛሬ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞራለች።

«ምን ያደርግልሻል?» አልኋት አንድ ቀን።

«እንዳልኮራ ነው» አለችኝ።

በሁለተኛው አለፈች። ጎንደር ገብታ ያንኑ የጣላትን ፊዚክስ ተማረች፣ ዳባት አራት ዓመት አስተማረች፣ ማስተርሷን ይዛ እዚህ ደባርቅ ኮሌጅ ተቀጠረች። ቁመቷ አጭር፣ ድምጿ ቀጭን ነው፤ ግትርነቷ ግን የበቅሎ ነው። እንዲህ ስላት ትስቃለች እንጂ አትቀየምም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ሲወጣ በሬን አንኳኳች። ከወፍጮ ቤቴ ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ክፍል አለኝ፤ ድሮ እህል የማስቀምጥበት ነበር።

«ጋሼ ያርጋል፣ ይችን ክፍል ያከራዩኝ።»

«ልትኖሪበት? ምን ነካሽ? ቀኑን ሙሉ ወፍጮ ይጮህበታል እኮ!»

«እኔ አልኖርበትም። ለማግኔት ነው።»

«ለምን?»

«ለማግኔት። የእርስዎ መስመር የራሱ ትራንስፎርመር ስላለው እንደ ሌላው ቤት መብራቱ አይዋዥቅም። ይኼን ሳጣራ ሳምንት ሆኖኛል።»

ምን ዓይነት ማግኔት ቤት ይከራይለታል ብዬ አፋጠጥኋት። ቆማ ነገረችኝ። ሦስት ጊዜ ስላስደገምኋት ዛሬ እኔም ላስተምራችሁ እችላለሁ። ባሕር ማዶ ከመሬት በታች የተቀበረ አንድ ትልቅ ቀለበት አለ፤ ዙሪያው ከደባርቅ ዳባት ያህላል። በቀለበቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ከወዲያና ከወዲህ ይሮጣሉ፣ በአንዲት ሴኮንድ አሥራ አንድ ሺህ ጊዜ ይዞራሉ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ሲጋጩ ከውስጣቸው የሚወጣውን አይተው ዓለም ከምን እንደተሠራች ይመረምራሉ። «ማን ይነዳቸዋል? ማንስ መንገድ ያስይዛቸዋል?» ብላችሁ እንደሆነ ማግኔት ነው። አንዳንዱ ማግኔት ሽቦው እጅግ ከመቀዝቀዙ የተነሣ ኤሌክትሪኩ ያለ አንዳች ድካም ይሮጥበታል አሉ። የእሷ ድርሻ እሱ አይደለም። ወደፊት ለሚሠራ ሌላ ቀለበት የታሰበ፣ መብራትም ብርድም የማይፈልግ፣ በራሱ የሚስብ ማግኔት ነው።

«ማግኔቱ ከአሥር ሺህ አንድ እጅ እንኳ ቢዛነፍ» አለችኝ፣ «ቅንጣቶቹ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ እየሳቱ በመጨረሻ ግድግዳ ይመታሉ።»

ይኼ ገባኝ። ወፍጮ ድንጋይም እንደዚሁ ነው፤ በፀጉር ያህል ከተዛነፈ ዱቄቱ ሽርክት ይሆናል፣ ባለቤቷም ፊቴ ላይ ትደፋዋለች። ክፍሉን ሰጠኋት።

አራት ማግኔት ከባሕር ማዶ ተልኮላት ነበር፤ እያንዳንዱ የገላ ሳሙና ያህላል። የእነዚህን ወንድሞች በሌላ አገር ያሉ ሰዎችም ይለካሉ። የእሷ ሥራ ጉልበታቸውን በየአሥር ደቂቃው፣ ዓመት ሙሉ መለካት ነው። የእኛን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ማታና ቀን እንዳይለዋወጥባቸው ሣጥን አሠርታ ውስጡን በበግ ጠጉር ሞላችው። መጀመሪያ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። «ወፍጮዎ ይረብሸው እንደሆነ ልይ» ብላ አንድ ከሰዓት በኋላ አስነሥታ፣ አስቁማ ለካች። ምንም የለም። ደስ አላት፣ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ ጥቅምት ሲያልቅ ፀሐዩ በመስኮት እየገባ ሣጥኑን አሞቀባት፤ አንሥታ ከወፍጮ ቤቴ ጋር ወደሚጋራው ግድግዳ ወሰደችው። ዳግመኛ አልፈተሸችም። ነገር ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ደግሞ የቄስ ልጅ አይደለች? እሑድ እሑድ መሣሪያውን ታጠፋዋለች። «ሰንበት ነው፣ እሱም ይረፍ» ትላለች፤ ሰኞ ጠዋት ከዜሮ አስተካክላ ታስነሣዋለች። መብራት ሲጠፋም የእሷ መሣሪያ ከእኔ ወፍጮ ጋር እኩል ይጠፋል። ይኼን ያዙልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

የካቲት ላይ አንድ ቀን ፊቷ በርቶ መጣች። ማግኔቱ ቀን ቀን ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ሲመሽ ይመለሳል፤ ይኼን የፀሐይ ሙቀት ነው ብላ ትታው ነበር። ነገር ግን በወር ውስጥ አራት ቀን ያህል ከነጭራሹ አይነቃነቅም፤ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ከወር ወር ይኼው ነው፤ ልክ በሠላሳ ቀኑ ተመልሶ ይተኛል።

«ጋሼ፣ በሠላሳ ቀን የምትመላለስ ማን ናት?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«ጨረቃ!» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ጨረቃ ምድርን ስባ ያን ትልቁን ቀለበት እንኳ እንደምትለጥጠው የታወቀ ነው። ማግኔቱን ራሱን ስትነካ ግን ያየ የለም። እኔ አየሁ፤ ደባርቅ ላይ፣ በእርስዎ ክፍል ውስጥ!»

እልል አልሁ። ለአባቷ ደወለችላቸው። ቄስ ላቀው ሰምተው በዚያ ዝግ ባለ አነጋገራቸው፦ «ልጄ፣ ጨረቃ እኮ አንዱን ወር ሃያ ዘጠኝ፣ አንዱን ሠላሳ ነው የምትቆጥር። ሁልጊዜ ሠላሳ የምትቆጥር ጨረቃ እኔ አላውቅም» አሏት። እሷም ልዩነቱን አይታዋለች፤ በአራት ወር ውስጥ ቀን ተኩል ያህል ተዛንፏል። «ኋላ አየዋለሁ» ብላ አለፈችው። ሰው የወደደውን ነገር አጥብቆ አይመረምርም፤ እኔም ሚስቴን ሳገባ እንደዚያው ነበርሁ።

ጽፋ ላከችው። ወር ሳይሞላ መልስ መጣ። ማግኔቶቹን የላኩላት የባሕር ማዶው ፕሮፌሰር «ይኼ ከሆነ ትልቅ ነገር ነው» አሏት። በሚያዝያ በኢንተርኔት ለሊቃውንቱ ታቀርበዋለች፤ ከተቀበሉት የዶክትሬት ወንበር ተቀምጦላታል፣ ከዚያው ከቀለበቱ አጠገብ። አሥራ አራት ዓመት የደከመችበት ወንበር ነው። ኮሌጁ ሁሉ አወቀ፣ ሰፈሩ ሁሉ አወቀ። እኔማ ወፍጮ ቤት የመጣውን ሁሉ «ከዚች ግድግዳ ጀርባ ያለውን ታውቃላችሁ?» እያልሁ አሰለቸሁ።

መጋቢት ላይ ጣሪያው እንዳያፈስ ላይ ብዬ ወደ ክፍሏ ገባሁ። ግድግዳው ላይ ረጅም ወረቀት ለጥፋለች፤ ጥርስ ጥርስ ያለው መስመር ተሰምሮበታል፣ አልፎ አልፎ እንደ ሜዳ ይረጋል። የረጋውን በቀይ አክብባ ቀኑን በፈረንጅ ጽፋበታለች። እኔ የፈረንጅ ቀን አቆጣጠር አይገባኝም።

«ይኼ የተኛበት መቼ ነው?»

«ኖቬምበር ሠላሳ።»

«በእኛ ንገሪኝ እንጂ!»

ቆጠረች። «ኅዳር… ሃያ አንድ።»

«ኅዳር ጽዮን?»

«አዎ።»

«ይኼኛውስ?»

«ኅዳር አሥራ ሁለት።»

«ሚካኤል። ይኼስ?»

«ኅዳር ሃያ ሰባት።»

«መድኃኔዓለም። ይኼ ሰፊውስ፣ ሦስት ቀን የተኛው?»

ድምጿ ቀነሰ። «ጥር አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት።»

እኔ ምናምንቴ ሳቄ መጣ። ከትከት ብዬ ሳቅሁ። «ከተራ፣ ጥምቀት፣ ቃና ዘገሊላ! አንቺ ልጅ፣ ይኼ ምን ጨረቃ ነው፣ ወፍጮዬ ነው እንጂ! በዓል ስለማከብር በእነዚህ ቀን አልፈጭም። የአብዬን ወደ እምዬ ማለት ይኼ ነው!» እየሳቅሁ ዞር ብል ፊቷ አመድ መስሏል። ምነው አፌን በቆረጠው አልሁ።

ለመሆኑ እንዴት ሳታውቀው ቀረች? ብላችሁ እንደሆነ ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራዋን በፈረንጅ ቀን ትቆጥራለች፣ በዓሏን በእኛ። ወፍጮው ጸጥ ባለባቸው ቀኖች እሷ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ጸጥታውን የሚሰማ ጆሮ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። እሑድን ብትለካ ኖሮ በየሳምንቱ እየተኛ ያስነቃት ነበር፤ እሑድን ግን ለሰንበት ብላ አጥፍታዋለች። መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ሲቆምም መሣሪያዋ አብሮ ስለሚጠፋ መቆሙን አያይም። ከእኛ አገር ሰው በቀር እንዲህ የሚሳሳት የለም።

«አይሆንም» አለች። «ወፍጮውን ፈትሼዋለሁ።»

«መስኮቱ ሥር ሆነሽ ነው የፈተሽሽ።»

«ግድግዳው ወፍራም ነው።»

እዚህ ላይ እኔም ላብ አጠመቀኝ። ያን ግድግዳ የሠራሁት እኔ ነኝ። የሞተሩን ወፍራም ገመድ አይጥ እንዳይበላው ብዬ በዚያ ግድግዳ ውስጥ አሳልፌ በጭቃ መረግሁበት። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሣጥኗን ያስቀመጠችው ገመዱ ላይ ለጥፋ ነው ማለት ነው። ነገርኋት። ጣቷን ጭቃው ላይ አድርጋ ገመዱ የሚያልፍበትን ተከተለች።

በነጋታው መጣች። እንቅልፍ እንዳላየች ያስታውቃል።

«ጋሼ ያርጋል፣ በገበያ ለት፣ ሥራ በሞቀበት ሰዓት፣ ወፍጮውን ሦስት ጊዜ ያቁሙልኝ። ሃያ ሃያ ደቂቃ። ማግኔቱ አብሮ ሦስት ጊዜ ከተኛ ነገሩ አለቀ።»

«አበድሽ? በገበያ ለት? ሰዉ ከበየዳ፣ ከጃናሞራ አህያ ጭኖ አድሮ ነው የሚመጣ! ወፍጮ ከቆመ ደግሞ ሰው ሞተ ይላሉ። አላደርገውም!»

«እንግዲያው ማርያም ዕለት ያስነሡት።»

«ወግጂ! አንቺ የቄስ ልጅ!»

«ለዚህ እኮ ነው በሥራ ቀን ያቁሙልኝ ያልሁት።»

ተናደድሁ። በሩን ዘጋሁና ቀስ ብዬ ተናገርኋት፤ እኔ ቀስ ብዬ ስናገር ለራሴም ይገርመኛል። «ስሚኝ ልጄ። ይኼን የምናውቅ እኔና አንቺ ብቻ ነን። ባሕር ማዶ ያለ ሊቅ ስለ ያርጋል ወፍጮ ምን ያውቃል? ዝም በይ። ወንበርሽን ያዢ። አንዴ እዚያ ከገባሽ ኋላ ታስተካክይዋለሽ።» ውነቴን ነው፣ በወቅቱ ለእሷ የሚበጅ መስሎኛል። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ሰው ባያውቅ ቅንጣቶቹ ያውቃሉ፣ ጋሼ። በእኔ ቁጥር ቀለበት ከሠሩ ግድግዳ ይመታሉ።»

«ደሞ ‹ጨረቃ ነው› ብለሽ የነገርሻቸው ሰዎች ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ።»

ስንቱን ተምሮ ስሕተቱን ሲነግሩት ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚል አይቻለሁ። ይች የገዛ ግኝቷን ራሷ ልትገድለው ቢላ አበድሩኝ ትለኛለች። እንቢ ማለት አቃተኝ።

የገበያው ለት ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጾም ስለሆነ ሽሮው፣ በሶው፣ ገብሱ ሁሉ ተደራርቧል። ደብረወርቅ ከግድግዳው ማዶ ኮምፒዩተሯ ፊት ተቀምጣለች፤ መካከላችን ያለውን ትንሽ በር ከፍተነዋል። ልክ በአራት ሰዓት «ያቁሙ» አለች። ማጥፊያውን ተጫንሁ። ድንጋዩ እያቃሰተ ቆመ።

ያን ጸጥታ በጆሮዬ ሳይሆን በሆዴ ነው የሰማሁት። ሰዉ ሁሉ ወሬውን አቋርጦ ዞር አለ። ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን ስታዘቀዝቅ አየሁ። ከበየዳ የመጡ እማማ ወለተ ማርያም የሚባሉ ባልቴት አሉ፤ የረጅም ዘመን ደንበኛዬ ናቸው፣ ገብሳቸውን ለሌላ ወፍጮ አያምኑም።

«ያርጋል፣ ማን ሞተ?» አሉኝ።

«ማንም አልሞተም እማማ። ትንሽ ይጠብቁኝ።»

«ማንም ሳይሞት ነው የምታቆም?»

ሃያ ደቂቃው አለቀ። ከማዶ ቀጭን ድምጿ መጣ፦ «ያስነሡት።» አስነሣሁ። ትንሽ ቆይታ እንደገና «ያቁሙ» አለች። አሁን ግርግር ተነሣ። «ምን ዓይነት ቀልድ ነው?» የሚል አለ፣ «ሰው ሞቶ እየደበቀን ነው» የሚል አለ። አንዱ እህሌን መልስልኝ ብሎ ጮኸ፤ እኔም «ትፈልግ እንደሆነ በጥርስህ ፍጨው!» ብዬ ጮኽሁበት። በበሩ አንገቴን አስግጌ አየሁ። ኮምፒዩተሯ ላይ ያ ጥርስ ጥርስ ያለው መስመር ሁለት ቦታ እንደ ሜዳ ተኝቷል። ወፍጮው የቆመበት ደቂቃ ላይ፣ ልክ ላዩ ላይ። አንገቷን አቀርቅራ ሰዓቱን ትጽፋለች።

«እንግዲህ እውነት ነው» አልኋት።

«ሁለቴ ነው የተኛው። ሦስተኛው ይቀራል።»

«ምን ይቀራል? አይተሽዋል እኮ!»

«ሁለቱ አጋጣሚ ነው ይሉኛል። ሦስተኛው ይቀራል፣ ጋሼ።»

ወደ ሰዉ ስመለስ እማማ ወለተ ማርያም መንገድ ዘግተው ቆመዋል። «ልጄ፣ አትዋሸኝ። ፊትህ ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው ፊት ነው። የሞተው ማን ነው?»

ምን ልበላቸው? ጨረቃ፣ ማግኔት፣ ቅንጣት ልበላቸው? አንደበቴ ያመጣውን ተናገርሁ። «የመምህርቷ ነው እማማ። አሥራ አራት ዓመት ያሳደገችው።»

«ልጇ?»

«እንደ ልጇ ነው።»

«ወይኔ አምላኬ!» አሉ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። እኔ ቆይ ሳልል በዚያች ትንሽ በር ጎንበስ ብለው ገቡና ከደብረወርቅ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ከኋላቸው ሌላዋ ገባች፣ ከእሷ ኋላ ሌላዋ። ሰባት ስምንት ሴት፣ ገሚሷ ዱቄት እንደነካት፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ። ማንም ምንም አልጠየቀም። ለቅሶ ቤት ማን ጥያቄ ይጠይቃል?

«እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሏት እማማ ወለተ ማርያም።

ደብረወርቅ መጀመሪያ አልገባትም። እኔን አየች፣ ሴቶቹን አየች። ከዚያ ገባት። በዓላቱን ስቆጥርላት ያላለቀሰች፣ ገመዱን ስነግራት ያላለቀሰች ልጅ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እማማ ጀርባዋን ያሹላታል። እኔም ውጭ ወጥቼ ከአህያ ጋር አለቀስሁ፤ ማንም እንዳያየኝ ነው፣ ለእናንተ ግን ነገርኋችሁ።

ስመለስ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር። ሴቶቹ እንደተቀመጡ ናቸው። ሰዓቷን አየች።

«ጋሼ ያርጋል፣ ያስነሡትና ሦስተኛውን ያቁሙ።»

አስነሣሁ። ቆየሁና አቆምሁ። መስመሩ ተኛ።

በዚያው ዕለት ለፕሮፌሰሩ ጻፈች። ሚያዝያ ላይ «ጨረቃ ያልሁት የጎረቤቴ ወፍጮ ነው» ብላ ለሊቃውንቱ ሁሉ ተናገረች፤ ያን የሦስት ጊዜውን መስመር አሳየቻቸው። አንዳንዶቹ ሳቁ አለችኝ። አንዱ ሽማግሌ ግን ተነሥቶ አጨበጨበላት። የዚያን ዓመት ወንበር ለሌላ ሰው ተሰጠ። ዓመት ሙሉ የጠራ ልክ ይዛ ከመጣች እንደገና ያይዋታል፤ ቃላቸው ይኼ ነው። ወሬውን ስሰማ ሁለት ቀን የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ስቆጣ ዋልሁ። እሷ ግን አካፋ ይዛ መጣች። ግድግዳውን አፍርሰን ገመዱን አወጣን፣ በሌላው ማዶ በኩል አሳለፍነው፣ ጭቃውንም እሷው ረገጠችው። ሣጥኗን መልሳ አስቀመጠችና ከአንድ ብላ ጀመረች። አሁን እሑድንም ትለካለች። አባቷን አስፈቅዳ ነው፤ ቄስ ላቀው «መሣሪያ ነፍስ የለውም፣ ሰንበት አይሽርም» አሏት። እኔም በየቀኑ ወፍጮው የተነሣበትንና የቆመበትን ሰዓት እጽፍላታለሁ።

ባለፈው ሳምንት እማማ ወለተ ማርያም ገብስ ይዘው መጡ። ወፍጮው እየጮኸ ነው። «ያች ልጅ እንዴት ሆነች? ሐዘኑ ወጣላት?» አሉኝ።

ወስጄ አስገባኋቸው። ደብረወርቅ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች። ግድግዳው ላይ አዲሱ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ተለጥፏል። የገበያ ለት አለበት፣ ኅዳር ጽዮን አለበት፣ ጥምቀት አለበት፣ እሑድ አለበት። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ አንድም ቦታ አይነሣም፣ አንድም ቦታ አይወርድም።

እማማ ጠጋ ብለው በጣታቸው ተከተሉት። «ይኼ ምንድን ነው፣ ልጄ? ምንም የለበትምሳ?»

«ምንም የለበትም፣ እማማ» አለች ደብረወርቅ። «ዓመት ሙሉ ምንም። ዛሬ ጠዋት ላክሁላቸው።»